አስጎብኚው ምን አለ? ከባሕር ዳር ዘጌ የጀልባ ጉብኝት በጆሮና በዓይን ሲመዘን

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚወስደው የጀልባ ጉብኝት ብዙ ይመሰገናል፤ ምስጋናውም ይገባዋል። በጠዋት ሐይቁ ረግቶ ሳለ ተነሥቶ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ መመለስ ለግማሽ ቀን የሚበቃ መልካም ጉዞ ነው። ይህ ግምገማ ግን ዋጋውንም፣ ሥዕሎቹንም፣ የምሳውን ዓሣም አይነካም። የምንመዝነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አስጎብኚው የሚናገረው ለተሳፋሪው ይደርሳል ወይ?

አስጎብኚው ከሞተሩ ጎን ተቀምጦ የሚናገር ከሆነ አይደርስም። ቢጮኽም አይደርስም፤ ሜጋፎን ቢይዝ ደግሞ ይብሳል። ከፊት ተቀምጦ ፊቱን ወደ ተሳፋሪው ካዞረና ነጂው ሞተሩን ካበረደለት ግን ያለ ምንም መሣሪያ አብዛኛው ይደርሳል። የጎደለው የድምፅ ጉልበት ሳይሆን የሚታይ ፊት ነው። የጀልባ ባለቤቶች ስፒከር ከመግዛታቸው በፊት ይህን ቢያጤኑት ገንዘባቸውም ይተርፋል።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ሰው በመደበኛ ድምፅ ሲያወራ አንድ ሜትር ላይ የሚለካው 60 ዲሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ) ገደማ ነው፤ ጎላ አድርጎ ሲናገር ወደ 70 ይጠጋል። ጀልባው በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ሞተሩ አጠገብ ያለው ጩኸት ከ80 በላይ ነው። በገላጣ ቦታ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ 6 ዲሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ አንድ ሜትር ላይ 70 የነበረው ሁለት ሜትር ላይ 64፣ አራት ሜትር ላይ 58 ይሆናል። አስጎብኚው ከሞተሩ አጠገብ ሲቀመጥ የእሱ ድምፅና የሞተሩ ጩኸት አብረው እየደከሙ ስለሚሄዱ፣ ተሳፋሪው ወደ ፊት ቢሸሽ የሚያተርፈው ነገር የለም። በዚያ ላይ ሁለቱም ከአንድ አቅጣጫ ይመጣሉ። አንጎል ንግግርን ከጩኸት ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ፣ ድምፁ ለግራና ለቀኝ ጆሮ በሚደርስበት ጥቃቅን ልዩነት ምንጩን መገመት ነው። ንግግሩና ጩኸቱ ከአንድ ጥግ ሲወጡ ይህ መንገድ ይዘጋል።

አስጎብኚው ከአራት ሜትር ወደ አንድ ሜትር ቢቀርብ 12 ዲሲቤል ያህል ይተርፋል። ይህ ብቻውን ብዙ ነው፤ በከባድ ጩኸት ውስጥ ፊቱ ሲታይ የሚጨመረው ደግሞ ከዚህ ሊስተካከል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1954 ሰምቢና ፖላክ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን በጩኸት ውስጥ ቃላት እያሰሙ፣ የተናጋሪውን ፊት ሲያዩና ሳያዩ ምን ያህል እንደሚይዙ መዝነው ነበር። ጩኸቱ በበረታ መጠን የፊት ጥቅም ይጨምራል። ብዙ ጊዜ እንደሚጠቀሰው፣ በከባድ ጩኸት ውስጥ ፊትን ማየት ድምፁ እስከ 15 ዲሲቤል የጎላ ያህል ሊረዳ ይችላል። ይህን ያህል የሚያተርፍ፣ ባትሪ የማይፈልግና ውኃ የማያበላሸው መሣሪያ ገበያ ላይ የለም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ማወቅ፣ ከዚህ በታች የምንሰጠውን ፍርድ ለመረዳት ያስፈልጋል። ንግግርን የምንሰማው በጆሮ ብቻ አይደለም። ከጆሮ የሚመጣው መልእክት በአንጎል ጎን ወዳለው የመስሚያ ክፍል፣ ከዓይን የሚመጣው ደግሞ በስተኋላ ወዳለው የማያ ክፍል ይሄዳል። ሁለቱ ከሚገናኙባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ ከጆሮ ከፍ ብሎ፣ በጎን በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ላይ የሚገኝ እጥፋት ነው። ከዚህም አልፎ፣ ድምፅ ሳይኖር የሰው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ማየት የመስሚያውን ክፍል ራሱን እንደሚቀሰቅስ በአንጎል ምስል ታይቷል። በተለይ ተናጋሪው ከዝምታ ሲነሣ አፉ ከድምፁ ቀድሞ መንቀሳቀስ ይጀምራል። አንጎል ያችን ቅድሚያ ተጠቅሞ ሊመጣ ያለውን ድምፅ ይገምታል፤ ግምቱ ካለ የተሸራረፈ ድምፅም ይበቃዋል።

ይህ ቅልቅል በፈቃድ የሚደረግ አለመሆኑን በደንብ ያሳየው የማክገርክና የማክዶናልድ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝ አገር፣ ሱሬይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት እነዚህ ሁለት ሰዎች «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» በሚል አፍ ምስል ላይ ለጠፉት። ተመልካቹ በአብዛኛው የሰማው «ዳ» ነው፤ በጆሮው የገባውን «ባ»ም፣ በዓይኑ ያየውን «ጋ»ም አይደለም። ዘዴውን አውቆ ደግሞ ቢያየውም ብዙ ሰው ያው «ዳ» ይሰማል፤ ዓይኑን ሲጨፍን «ባ» ይመለሳል። ሁሉም ሰው እኩል አይታለልም፤ ሆኖም ዓይን ሳንጠይቀው በጆሮ ሥራ ውስጥ እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ወደ ጀልባው እንመለስ። ሞተሩ ጎልቶ የሚጮኸው በዝቅተኛው ድምፅ በኩል ቢሆንም ጩኸቱ ወደ ላይም ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ጩኸት መጀመሪያ የሚጠፋው ፊደሉ አፍ ውስጥ የተሠራበት ቦታ ነው፤ በከንፈር ነው፣ በጥርስ ጀርባ ነው ወይስ በጉሮሮ በኩል? ቆይቶ የሚጠፋው ደግሞ ድምፁ በአፍንጫ ማለፍ አለማለፉና ጉሮሮው መርገብገብ አለመርገብገቡ ነው። የሚያስደንቀው ዓይን በትክክል የተገላቢጦሹን መያዙ ነው። ባር፣ ዳር፣ ጋር የሚሉትን ሦስት ቃላት በሞተር ጩኸት ውስጥ ለጆሮ ብቻ ብንሰጠው ይምታቱበታል። ፊት ከታየ ግን «ባር» ከንፈር ስለሚያስገጥም ወዲያው ይለያል። በሌላ በኩል «ባር»ና «ማር» ለዓይን አንድ ናቸው፤ እነዚህን የሚለየው ጆሮ ነው፣ «መ» በአፍንጫ ስለሚያልፍ ጩኸቱን ችሎ ይሻገራል። አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሣል።

አማርኛ በዚህ በኩል ለተመልካች የሚመች ጎንም የማይመች ጎንም አለው። በ፣ ፐ፣ ጰ እና መ ከንፈር ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። ፈ የላይኛውን ጥርስ ከታችኛው ከንፈር ስለሚያገናኝ በደንብ ይታያል። ኡ እና ኦ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ፤ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ኋ ደግሞ ከ ቃ፣ ካ፣ ጋ፣ ሃ የሚለዩት በዚያው መሞጥሞጥ ስለሆነ ለዓይን ስጦታ ናቸው። ተ፣ ደ እና ጠ ግን ፊት ላይ አይለዩም፤ ከ፣ ገ እና ቀም እንዲሁ፤ እነዚህን ጆሮ ብቻውን ይወጣቸው። ይህ ጣና ላይ ለምን እንደሚከብድ ግልጽ ነው፤ ገለጻው በስም የተሞላ ነው። ጣና ቂርቆስ፣ ናርጋ ሥላሴ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ አዝዋ ማርያም። በተራ ዐረፍተ ነገር የተሸረፈ ቃል ከአገባቡ ይገመታል፤ ሰምቶት የማያውቀውን የገዳም ስም ግን ማንም ከአገባብ አይገምተውም። አስጎብኚ ሆይ፣ ስሙን ሁለት ጊዜ ይበሉት፤ ሁለተኛውን ቀስ ብለው፣ ፊትዎን ሳያዞሩ። ገለጻው በእንግሊዝኛ ከሆነና እንግሊዝኛ ለሰሚውም ለተናጋሪውም ሁለተኛ ቋንቋ ከሆነ ያኔም ፊትን ማየት ይረዳል።

አሁን ስለ ብርሃን፤ ብዙ ጀልባዎች ሳያውቁት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ዘጌ ከባሕር ዳር በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲነሡ ፀሐይ ከምሥራቅ በኩል ነች፤ ማለት ከጀልባው ኋላ። አስጎብኚው ኋላ ተቀምጦ ወደ ፊት ሲያይ ፀሐይዋ ከጀርባው ትሆናለች፤ ተሳፋሪው ዞሮ ሲያየው የሚያየው ጥቁር ጥላና የሚያንጸባርቅ ውኃ ብቻ ነው። ያው ሰው ከፊት ተቀምጦ ወደ ኋላ ቢዞር ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ታርፋለች። በተለይ ጎብኚ በሚበዛበት ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ጠዋት ብርሃኑ እጅግ ይመቻል። ከቀትር በኋላ ስትመለሱ ጀልባውም ዞሯል፣ ፀሐይም ዞራለች፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው አስጎብኚ አሁንም ቢያንስ በአንድ ጎኑ ብርሃን ያገኛል። ቦታው አንድ ነው፣ ሥራውን ለሁለት ጉዞ ይሠራል።

የሸራው ጥላ ሌላ ጣጣ ነው። ከጣራው በታች ያለ ፊት ጨለማ፣ ከኋላው ያለው ሐይቅ ደግሞ ብርሃን ስለሆነ ዓይን ለብርሃኑ ራሷን ታስተካክልና ፊቱ ይጠፋል። መፍትሔው አስጎብኚው ከሸራው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ መቀመጥ ነው። ባርኔጣ ካደረገ ሰፊው ጠርዝ ከንፈሩ ላይ ጥላ እንዳይጥል ወደ ላይ ያንሣው። ብርድ ነው ብሎ አፉን በነጠላ ወይም በስካርፍ የሚሸፍን አስጎብኚ ግን ሥራውን አብሮ ይሸፍናል።

ከፊት መቀመጥ ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፣ ነጂው ከኋላ ሆኖ የሚያየው በአስጎብኚው አናት በኩል ስለሆነ አስጎብኚው መቆም የለበትም፤ ዝቅ ባለው መቀመጫ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ከፊት ያለው ሰው በማዕበል ይረጫል። ስለዚህ ረጅሙን ገለጻ በጠዋቱ ጉዞ ጨርሶ መመለሻውን ለጥያቄ መተው ይሻላል፤ ይህን የሚያደርጉ አስጎብኚዎች አሉ፣ ሙያቸውን የሚያውቁ ናቸው።

ወደ መሣሪያዎቹ ስንመጣ ፍርዳችን ጨከን ያለ ነው። ሜጋፎን ለዚህ ሥራ የመጨረሻው ምርጫ ነው፤ አፍን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ድምፁን ይቆራርጠዋል፣ ፊት ረድፍ ያለውን ሰው ያደነቁራል። በዲሲቤል የሰጠውን በዓይን በኩል መልሶ ይወስዳል።

ብሉቱዝ ስፒከር ከማይክ ጋር ዘመናዊ ይመስላል፤ ችግሩ መዘግየት ነው። ድምፁ ተጨምቆ፣ በአየር ተልኮ፣ ተፈትቶ እስኪወጣ ድረስ በተለመደው ብሉቱዝ ከ100 እስከ 250 ሚሊ ሴኮንድ ሊወስድ ይችላል። አንጎል ምን ያህል መዘግየት ይታገሣል? ለቴሌቪዥን ሥርጭት በወጣው ዓለም አቀፍ ምክር መሠረት ድምፅ ከምስል እስከ 45 ሚሊ ሴኮንድ ቢቀድም ወይም እስከ 125 ቢዘገይ ተመልካች አያስተውለውም፤ 90 ቀድሞ ወይም 185 ዘግይቶ ካለፈ ግን ተቀባይነት ያጣል። ለመዘግየት የበለጠ ትዕግሥት ያለን ተፈጥሮ ስላስለመደን ነው፤ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ከ34 ሜትር የሚጣራ ሰው ድምፅ ከከንፈሩ 100 ሚሊ ሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ማንም ልብ አይልም። 200 ሲሞላ ግን ከንፈሩ የሚቀጥለው ፊደል ላይ ደርሷል፤ ዓይን ለጆሮ የሚያቀብለው ግምት የተሳሳተ ፊደል ላይ ይወድቃል። እዚህ ደረጃ ላይ ፊት ማየት መርዳቱ ቀርቶ ማደናገር ሊጀምር ይችላል።

ጀልባ ላይ ሁለት ተጨማሪ ጉዳት አለ። ተሳፋሪው የአስጎብኚውን የራሱን ድምፅና የስፒከሩን ድምፅ ተራ በተራ ይሰማል፣ ፊደል በፊደል ላይ ይደራረባል። አስጎብኚውም የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ይሰማል። 200 ሚሊ ሴኮንድ አካባቢ ዘግይቶ የሚመለስ የራስ ድምፅ ጤናማ ተናጋሪን እንደሚያንተባትብና ቃል እንደሚያስጎትተው እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ይታወቃል። በብሉቱዝ ሲናገር ቃላቱን የሚጎትት አስጎብኚ ካያችሁ ሙያ አላነሰውም፤ ማይኩን ዝጉለት።

የምንደግፈው ወገብ ላይ የሚታሰረውን፣ ማይኩ በገመድ የሚገናኘውንና በጆሮ ላይ የሚንጠለጠለውን ትንሽ ማጉያ ነው። መዘግየት የለውም ማለት ይቻላል። አጠቃቀሙ ግን ትክክል መሆን አለበት። የማይኩ ጫፍ ከአፍ ጥግ በጎን በኩል ሁለት ጣት ያህል ይራቅ፤ ከከንፈር ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሽ «ፐ»ን ያፈነዳዋል፣ ከንፈሩንም ይሸፍናል። የስፖንጅ ቆቡ አይውለቅ፤ ከወለቀ ነፋሱ ከሞተሩ ብሶ ይሰማል። ስፒከሩ ሁልጊዜ ከማይኩ ፊት ወደ ተሳፋሪው ያዘንብል፤ ወደ ማይኩ ከዞረ ያፏጫል። ድምፁን እስከ መጨረሻ መክፈት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ከሦስት አራተኛው ካለፈ ትንንሾቹ ስፒከሮች መሰነጣጠቅ ይጀምራሉ፣ መጀመሪያ የሚበላሹትም ሰ፣ ሸ እና ፈ ናቸው። የእጅ ማይክ ብቻ ካለ ከአገጭ በታች ተይዞ ወደ ላይ ይዘንብል። ስፒከሩ ጀልባው መካከል ቢቀመጥም ችግር የለም፤ ድምፁ ከከንፈሩ ጋር እስከተገጣጠመ ድረስ አንጎል ከሚንቀሳቀሰው አፍ እንደመጣ አድርጎ ይቀበለዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን የነጂው እጅ ነው። ለእያንዳንዱ ገለጻ ሦስት ደቂቃ ሞተሩን ወደ ዝቅተኛው ቢያወርድና በመንገድ ሦስት ጊዜ ቢያደርገው፣ በጉዞው ላይ የሚጨመረው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ጥሩዎቹ ቦታዎች ከወደቡ ወጣ እንዳሉ፣ ክብራንና እንጦስ የሚታዩበት ሲደርሱ፣ ከዚያም ዘጌ ሊጠጉ ሲሉ ናቸው። ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስለሚኖር እዚያ ሞተር ማጥፋት አይመከርም፤ ማብረዱ ይበቃል። ነዳጅ ይበላል የሚል ነጂ ቢኖር፣ በዝግታ የሚሠራ ሞተር በሰዓት የሚወስደው በፍጥነት ከሚሠራው ያነሰ ነው።

መሬት ላይ ስትወርዱ ሞተሩ ይቀራል፣ ችግሩ ግን መልኩን ይቀይራል። በዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሰው በነጠላ ረድፍ ይሄዳል፤ አስጎብኚው ከፊት፣ ጀርባው ለሁሉም። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ከአፍ ወደ ፊት ስለሚያደሉ ከኋላ ለሚሰማ ሰው ሰ፣ ፈ እና ተ ደብዝዘው ነው የሚደርሱት። እየሄደ የሚናገር አስጎብኚ ከሦስተኛው ሰው በኋላ ላለው እየተናገረ አይደለም። ቆሞ፣ ዞሮ፣ ሁሉም እስኪደርስ ጠብቆ ይናገር።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ደግሞ ዓይን ሁለት ሥራ ይመጣበታል። የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው፤ ተሳፋሪው ሥዕሉን ይይ ወይስ አስጎብኚውን? የተለመደው ስሕተት አስጎብኚው ራሱ ወደ ሥዕሉ ዞሮ ለግድግዳው ማውራቱ ነው። የሚሠራው ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ፊቱን ወደ ሰዎቹ አዙሮ ታሪኩን ይናገር፤ ከዚያ ዝም ብሎ በእጁ ሥዕሉን ያሳይ፤ አሥር ሴኮንድ ይተዋቸው፤ ከዚያ እንደገና ዞሮ ይቀጥል። ቤቱ ከፊል ጨለማ ስለሆነ የስልክ መብራት ሲበራ ብርሃኑ ሥዕሉ ላይ ሲያርፍ የተናጋሪው ፊት ይጠፋል፤ መብራቱን ሌላ ሰው ቢይዝና በገለጻው ጊዜ ወደ ታች ቢያደርገው ይሻላል።

ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ወደቡ ላይ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና አለ። ሞተሩን ያስነሡላችሁ፤ እናንተ ልትቀመጡ ባሰባችሁት ቦታ ተቀመጡ። አስጎብኚው ባር፣ ዳር፣ ጋር፣ ማር፣ ፋር የሚሉትን ቅደም ተከተላቸውን እየቀያየረ ይጥራ። መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ቀጥሎ ፊቱን እያያችሁ ድገሙ። ዓይን ተገልጦ ብዙ ካልተሻለ ፊቱ አይታይም ማለት ነው፤ ቦታ ቀይሩ ወይም እሱን አስቀይሩት። ዓይን ጨፍናችሁም ሁሉንም ከያዛችሁ ገና ሞተሩ አልጮኸም፤ ጋዝ ጨምር በሉት። ከአራት ሰው በላይ ከሆናችሁ ፈተናውን በመጨረሻው ረድፍ የሚቀመጠው ሰው ይውሰደው።

ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆችን ይዞ ለሚሄድ ሰው ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሸራው በታች ቦታ ይያዝላቸው። በዕድሜ መጀመሪያ የሚደክመው ቀጫጭኑን ድምፅ መስማት ስለሆነ ከሌላው ተሳፋሪ ይልቅ የተናጋሪውን ፊት በማየት የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው፤ የሩቅ ማያ መነጽራቸው ቤት እንዳይቀር። የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርጉ ከሆነ ጀልባው ሲፈጥን ነፋሱ በመሣሪያው ማይክ ላይ ያጓራል፤ ስስ ነጠላ በጆሮ ላይ ጣል ማድረግ ነፋሱን ይቀንሰዋል፣ ወፍራም ጋቢ ግን መሣሪያውን ሊያስፏጨው ይችላል። መሣሪያው የሚረጭ ውኃ ስለማይወድ ጠርዝ ላይ ሳይሆን መካከል ይቀመጡ፤ ትርፍ ባትሪም ከደረቅ ከረጢት ጋር ይያዝ።